ወደ ወሎ ወንዞች የማይዘልቀው መርፌ ዓሣ

አሰብ ወደብ ላይ ሠርተው ደሴ የገቡት አጎቴ መርፌ ዓሣ ስለሚባለው ቀጭን የባሕር ዓሣ ሲያወጉ ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከአጥንቱ ነው፤ ሥጋው ነጭ ሆኖ ሳለ አጥንቱ አረንጓዴ በመሆኑ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሱት የደጋ ልጆች ተመረዝን ብለው ይደነግጡ ነበር ይላሉ። አረንጓዴውን ቀለም የሚሰጠው ቢሊቨርዲን የተባለ፣ በሐሞት ውስጥም የሚገኝ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በበላተኛው ላይ ጉዳት አያደርስም።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ አፉ ነው። የአዋቂው መንጋጎች እንደ ስፌት ወስፌ ቀጥ ብለው የወጡ፣ ዳርና ዳሩን በሹል ጥርስ የተሞሉ ናቸው። ጫጩቱ ግን እንዲህ ሆኖ አይፈለፈልም፤ መንጋጎቹ መጀመሪያ አጭር ናቸው፣ ቀጥሎ የታችኛው ብቻውን ይረዝማል፣ የላይኛው የሚደርስበት ዘግይቶ ነው። ካደገ በኋላ ከውኃው ገጽ ሥር ጸጥ ብሎ ያደባና፣ ትንንሽ ዓሦች ሲቀርቡት ድንገት ተወርውሮ በጎናቸው ይነክሳቸዋል፤ ከዚያም አዙሮ በራሳቸው በኩል ይውጣቸዋል። ለዚህ አደን የጀርባና የፊንጢጣ ክንፎቹ ወደ ጅራቱ ተጠግተው መብቀላቸው በእጅጉ የሚጠቅመው ይመስለኛል። ሌሊት መብራት ሲያይ ከባሕሩ እየዘለለ ጀልባ ላይ ያሉ ዓሣ አጥማጆችን የወጋበት፣ አልፎ አልፎም የገደለበት ጊዜ ስላለ፣ አጎቴ ከዚህ ዓሣ ተጠንቀቁ ማለታቸው ማጋነን አይደለም።

በቀይ ባሕር ከሚኖሩት ዝርያዎች አንዱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1837 ለሳይንስ ያስተዋወቀው፣ ጎንደር ድረስ ዘልቆ የነበረው ጀርመናዊ ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ነው።

ከመርፌ ዓሣ ወገኖች መካከል ጨዋማውና ጨው አልባው ውኃ በሚቀላቀሉበት የወንዝ መግቢያ የሚኖሩ አሉ፤ የአትላንቲኩ መርፌ ዓሣ እንዲያውም ወንዝ ይዞ ወደ የብስ ይዘልቃል። እኛ ዘንድ ግን መንገዱ የተቆረጠ ነው፤ ምክንያቱም ቦርከናና ሚሌ የሚገቡበት አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የምዕራብ ወሎው በሽሎ በዓባይ አድርጎ ሜድትራንያን ይገባል፣ በዚያም ባሕር የመርፌ ዓሣ ዝርያ አለ፤ ነገር ግን በመካከል ያለው ርቀት፣ አለታማው የወንዙ ወለልና ግድቦቹ ለባሕር ዓሣ የሚታለፉ አይደሉም። ስለዚህ ሊያየው የሚሻ ወሎዬ በኮምቦልቻ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ ጂቡቲ መውረድ ይኖርበታል።