ከሐይቅ ዳር ወደ ጅቡቲ ዳርቻ፦ ውኃው ሲሸሽ የሚታየው

ወሎ ባለው በሐይቃችን ዳር አብረን ወፍ የምንጠብቅ ልጆች «ጅቡቲ ወርደህ ምን አየህ?» ስትሉኝ ነበር፤ ይኸውላችሁ። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ የሚወርደውን መንገድ የሰፈራችን ሾፌሮች በእንቅልፍ ልባቸው ያውቁታልና አላወራውም። ሙቀቱንም ዝለሉት።

አብዛኛው ጎብኚ የሚጓጓው ለዌል ሻርክ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይጠጋል፤ በአርታ ዳርቻ በኩል በጀልባ ይወጡለታል። የዓለም ትልቁ ዓሣ ሆኖ ሳለ ምግቡ ደቃቅ የባሕር ነፍሳት ነው፤ እዚያ የሚመጡትም አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ወንዶች ናቸው። አየሁት፣ ያምራል። ነገር ግን ፈልጎ ያገኘው ጀልባ ነጂው እንጂ እኔ ስላልሆንኩ በማስታወሻዬ ላይ ከሁለት መስመር በላይ አልሰጠሁትም። የእኔ ፍለጋ በእግር፣ በነፃ፣ አሸዋው ላይ ነበር።

ሐይቅ ያላስተማረን ነገር እዚህ መጣ። የእኛ ሐይቅ ጠዋት የነበረበት ቦታ ማታም አለ፤ ስለዚህ የለመድነው ቦታ መምረጥ ነው፣ የቄጠማውን ጥግ ይዞ መቀመጥ። ባሕር ዳር ከቦታው ይልቅ ሰዓቱ ይበልጣል። ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ይሄዳል። ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተገለጠ ድንጋይ ከ4 ቀን በኋላ የሚገለጠው 5 ሰዓት ከ20 አካባቢ ነው ማለት ነው። ሽሽቱ የሚበረታው ደግሞ ጨረቃ ስትወለድና ስትሞላ ነው፤ ግማሽ ስትሆን ውኃው ብዙም አይርቅም። ለዚህ ወሎዬ ስልክ መክፈት አያስፈልገውም፤ በሂጅራ ወሩ ስንት እንደያዘ ጎረቤት ይነግረዋል። ወሩ በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወይም ከ15 እስከ 17 ባለው ውጡ። ትክክለኛውን ሰዓት የአካባቢውን ዓሣ አጥማጆች ጠይቁ።

ውኃው ከሸሸ በኋላ ያለው ሥራ ግን የምናውቀው ነው፦ መቆም። ጎስት ክራብ የሚባለው ሸርጣን የእግር ኮቴ ንዝረት በአሸዋው በኩል ይሰማዋል፤ የሚራመድ ሰው የሚያየው ባዶ ጉድጓድ ብቻ ነው። ዝም ብላችሁ ብትቆሙ መጀመሪያ ዓይኖቹ ብቅ ይላሉ፣ እንደ ሁለት ክብሪት እንጨት ቀጥ ብለው። ከዚያ ራሱ ይወጣል። በቀይ ባሕር አካባቢ ያለው ዝርያ ወንዱ ከጉድጓዱ ፈንጠር አድርጎ የአሸዋ ቁልል ይሠራል፤ ከጉድጓዱ እስከ ቁልሉ የተደለደለች መንገድም አለችው። እኔ ሕፃናት የተጫወቱበት አሸዋ ይመስለኝ ነበር፣ ባለቤቱ አሸዋ ታቅፎ እስኪመጣ ድረስ! ከዚህ በኋላ ዌል ሻርኩን ማን ያስታውሳል? ማታ ማታ ደግሞ ሸርጣኖቹ በባትሪ ብርሃን ሲታዩ ይበልጥ ይበዛሉ።

ከወፎቹ ሪፍ ሄሮን የሚባለውን ሽመላ መሰል ወፍ ልብ በሉ። አንዱ ነጭ፣ ሌላው ጥቁር ግራጫ ሆኖ ጎን ለጎን ሲያድኑ ብታዩ ሁለት ዝርያ ብላችሁ አትመዝግቡ፤ አንድ ናቸው። ኮመን ሳንድፓይፐርም እዚያ አለ፤ ያው ሐይቅ ዳር ጭራውን ሳያቋርጥ የሚነቀንቀው ትንሹ ወፍ። የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽቶ የሚመጣ ነው፤ ለእሱ ጨውም ሆነ ጣፋጭ ውኃ ግድ አይሰጠውም።

ሁለት ማሳሰቢያ። ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ያለ ጫማ አትግቡ፤ ስቶንፊሽ የተባለ ዓሣ ድንጋይ መስሎ ይተኛል፣ እሾሁም መርዛም ነው። ዛጎልም አታንሱ፤ ሾጣጣ ከሆነ ውስጡ ያለው ቀንድ አውጣ በመርዝ ሊወጋ ይችላል፣ ባዶ ቢመስል እንኳ ሄርሚት ክራብ የተባለ ሸርጣን ቤት አድርጎት ይሆናል።

አሁን የያዝኩት ሲጋል የሚባሉትን የባሕር ወፎች መለየት ነው። በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ራሳቸው የጠቆረ ሁለት ዝርያዎች አሉ፤ አንደኛው ምንቃሩ ጠቆር ያለ ቀይ ሆኖ ከዓይኑ በላይና በታች ጎልቶ የሚታይ ነጭ አለው፣ ሁለተኛው ምንቃሩ ቢጫማ ሆኖ ጫፉ ይጠቁራል። በፎቶ ቀላል ነው፣ በነፋስ ሲበሩ ግን ያስቸግራል። ፎቶዎቹን ቅዳሜ ሐይቅ ስንሄድ ይዤ እመጣለሁ፤ ቢኖኩላሩን የወሰደው ሰው ይመልስልኝ።