ሚያዝያ 27፣ ሁለት ጊዜ
አራት ኪሎ ታክሲ ስጠብቅ ዓይኔ ሁሌ ሐውልቱ ላይ ያርፋል። ሚያዝያ 27። ልጅ ሳለሁ የአንድ ዓመት ታሪክ ብቻ ይመስለኝ ነበር። «ልጄ፣ ሁለት ናት እኮ» ያሉኝ አያቴ ናቸው።

የመጀመሪያዋ በ1928 ዓ.ም. ነች። ጃንሆይ በባቡር ወደ ጅቡቲ ከሄዱ ሦስት ቀን ሆኗቸዋል፤ ከተማው በዘረፋና በእሳት ይታመሳል፤ የጣልያኑ ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ ጦሩን አስከትሎ አዲስ አበባ ገባ። አያቴ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ስለ ጣልያን ብዙም አያወሩም፤ የሚያስታውሱት የጢሱን ሽታ ነው።

ሁለተኛዋ ልክ በአምስት ዓመቷ፣ በ1933፣ ጃንሆይ ተመልሰው የገቡባት ናት።

ነገሩ ግን ትንሽ ይወሳሰባል። የእንግሊዝ ጦር ከተማዋን የያዘው ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 28 ነበር። ደርግም የድል በዓሉን ወደዚያ አዛወረው፤ የንጉሡን ቀን ላለማክበር ይመስለኛል። ኋላ ወደ ሚያዝያ ተመለሰ።

አያቴ በደርግ ዘመን ሁለቴ ነበር የሚያከብሩት፦ መጋቢት ላይ ቀበሌ ስለጠራቸው፣ ሚያዝያ ላይ በራቸውን ዘግተው፣ ቡናቸውን አፍልተው።