ሳልመኑ ከፍሪጅ፣ ቤግሉ ከምድጃ

የመጀመሪያው የቤግልና የሳልመን ትሪዬ ፎቶ ላይ በጣም ያምራል። ስምንት እንግዶች ረፋድ ላይ ስለሚመጡ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሁሉንም ደርድሬ ጨርሻለሁ። ቲማቲሙ፣ ኪያሩ፣ ቀይ ሽንኩርቱ፣ በጭስ የታጠነው ሳልመን የሚባለው ዓሣ፣ ለሁለት የተሰነጠቀው ቤግል፣ ማለትም ቀለበት የሚመስለው ዳቦ። ኩራቴ ለጉድ ነበር። 4 ሰዓት ተኩል ላይ እንግዶቹ ሲደርሱ ግን ቤግሉ ከላይ ደርቆ ከታች ርሷል። የቲማቲሙ ውሃ ዓሣው ሥር ገብቷል። ሳልመኑም ያላበው ይመስል ያብረቀርቃል። ማንም ምንም አላለኝም። ይሉኝታ ይዟቸው እንደሆነ የገባኝ ግማሹን ትሪ መልሼ ወደ ማድ ቤት ስወስድ ነው።

በሁለተኛው ግብዣ ከምግቦቹ አንዱንም አልቀየርኩም፤ በዋናነት የቀየርኩት የማቀርብበትን ሰዓት ነው።

ከሳልመኑ ልጀምር። ለካ የገዛሁት ስስ ቁራጭ የበሰለ ዓሣ አይደለም። መጀመሪያ በጨው ይታሻል፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ጭስ ይታጠናል። የጭሱ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ አይበልጥም። በአጭሩ ጥሬ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሰዓት ተኩል ማስቀመጤ መልኩን ብቻ ሳይሆን ጤናንም የሚነካ ነበር፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ከፍሪጅ ውጭ መቆየት የለበትም። ነፍሰ ጡሮችም በደንብ ሳይበስል እንዳይበሉት ይመከራሉ። በትኩስ ጭስ የሚታጠን ሌላ ዓይነት አለ። እሱ በስሎ የሚፈረፈር ስለሆነ እንደ ጨርቅ አይታጠፍም። ማሸጊያውን ሳላነብ አንዴ እሱን ገዝቼ አበባ ልሠራበት ስታገል ውያለሁ!

አሁን ለአንድ ሰው 80 ግራም እይዛለሁ፤ ለስምንት ሰው ወደ 650 ግራም መሆኑ ነው። ቁራጮቹን የምለያየው ገና ከፍሪጅ እንደወጡ ነው። ከሞቁ እርስ በርስ ይጣበቁና ይቀደዳሉ። ትሪው ላይ ግማሹን ብቻ አወጣለሁ፣ ሲያልቅ ከፍሪጅ እጨምራለሁ። ሎሚውን ቆርጬ ከጎን አስቀምጣለሁ እንጂ ቀድሜ አልጨምቅበትም፤ አሲዱ የዓሣውን ፊት ያነጣዋል።

ቤግል ከመጋገሩ በፊት የፈላ ውሃ ውስጥ ስለሚገባ ነው እንደዚያ ጠንከር ብሎ የሚታኘከው። ግን ቶሎ ይደርቃል። ቀደም ብዬ ከገዛሁ ሰንጥቄ ፍሪዘር ውስጥ አስገባለሁ። ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ግን ስህተት ነው፤ ዳቦን የባሰ ያደርቀዋል። እንግዶች ቁጭ ካሉ በኋላ አሙቄ በሌላ ቅርጫት አቀርባለሁ። ትሪው ላይ አይወጣም፣ አለቀ።

ቤግሉ ላይ የሚቀባው ለስላሳ አይብ፣ ክሪም ቺዙ፣ ተቃራኒው ነው። ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ከፍሪጅ መውጣት አለበት፣ አለበለዚያ ሲቀባ ቤግሉን ይበጣጥሰዋል። እኔ ድል የሚባለውን፣ እንስላል የሚመስለውን ቅጠል ከትፌ ከተፈቀፈቀ የሎሚ ልጣጭ ጋር አዋህደዋለሁ። ጨው አልጨምርም። ሳልመኑ ራሱ ጨው ነው፣ ኬፐሩም ጨው ነው። ኬፐር ማለት ገና ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ ነው፣ በጨው ወይም በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ። አጥቤ አድርቄ በትንሽ ሳህን ለብቻው አቀርባለሁ። መጀመሪያ ዓሣው ላይ በትኜው አንድ እንግዳዬ እያንዳንዷን ፍሬ በሹካ እየለቀመ ሲያወጣ አይቻለሁ።

አትክልቱ ላይ ብዙ ፍልስፍና የለም። ቲማቲምና ኪያሩን ቆርጬ የወጥ ቤት ወረቀት ላይ አሳርፋለሁ፣ ውሃቸውን ይምጠጥላቸው። ቀይ ሽንኩርቱን በስሱ ከትፌ አሥር ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እዘፈዝፋለሁ፤ የሚያስለቅሰው ጉልበቱ ይቀንሳል።

ትሪው ላይ መጀመሪያ የሚቀመጡት የክሪም ቺዝና የኬፐር ሳህኖች ናቸው፤ እነሱ ቦታ ከያዙ ሌላው በዙሪያቸው ይሞላል። ሳልመኑ መጨረሻ ላይ፣ በር ሲንኳኳ ነው የሚወጣው። ባለፈው ጊዜ አንዲት እንግዳዬ ጫማዋን ሳታወልቅ ደርሼባት እጄ በሙሉ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ነው ሰላም ያልኳት።

የተረፈው ሽንኩርት ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ግማሽ ራስ ይበቃል።