ሥዕሉን ተዉት፣ ጥርሱን ቁጠሩ

አሮጌ ቴምብር ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ይሄ ስንት ያወጣል?» እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ጠርዙንና ጀርባውን ነው። ሥዕልማ አንድ ዓይነት ሆኖ ዋጋው ሰማይና ምድር ሊሆን ይችላል።

ጥርስ የምለው ዙሪያውን የተበሳሳውን የቴምብሩን ጠርዝ ነው። የጥርስ ልኬት ማለት በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያለው የቀዳዳ ብዛት ነው። ሁለት ቁጥር ከተጻፈ የፊተኛው የላይና የታች ጠርዝ ነው፣ የኋለኛው የጎን። ደሴ ውስጥ መለኪያ ፍለጋ አትድከሙ፣ ከኢንተርኔት አውርዳችሁ አሳትሙ። ብቻ ፎቶኮፒ ቤት ያለው ልጅ ገጹን አሳንሶ እንዳያትምባችሁ፤ 100 ፐርሰንት በሉት፣ ከዚያ በማስመሪያ አረጋግጡ። ሩብ ጥርስ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋተርማርክ ወረቀቱ ሲሠራ ሳስቶ የቀረ ምልክት ነው። መጀመሪያ ወደ መስኮት ይዛችሁ እዩት። እምቢ ካለ ጥቁር ሳህን ላይ ፊቱን ደፍታችሁ የላይተር ቤንዚን ጠብ ታደርጉበታላችሁ፣ ለጥቂት ሰከንድ ምልክቱ ጠቆር ብሎ ይወጣል። ቤንዚን የሚያበላሸው ቀለም ስላለ ግን ዝም ብላችሁ አትቸኩሉ። ደግሞ ከሰል በተያያዘበት ቤት እንዳትሞክሩት! ወሎ ቤት ቡና የማይፈላበትን ሰዓት መፈለግ የእናንተ ፋንታ ነው።

እኛ ጋ ከየሳጥኑ የሚወጣው በብዛት የጣሊያን ጊዜው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣው የንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ፣ ወይም ከ1938 ወዲህ «አፍሪካ ኦሪየንታሌ ኢታሊያና» (የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ) የሚለው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እነዚህን በመለካት ብዙ አታተርፉም። የሁለቱም ዋተርማርክ ዘውድ ነው፣ ጥርሳቸውም 14። የምኒልክ የመጀመሪያዎቹ፣ ፓሪስ የታተሙት፣ ጭራሽ ዋተርማርክ የላቸውም።

ልፋቱ የሚክሰው እንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ላይ ነው። በዋተርማርኩ ዘውድና «ሲሲ» (CC) የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደሎች ካያችሁ ወረቀቱ እ.ኤ.አ. ከ1863 ወዲህ ነው፣ «ሲኤ» (CA) ከሆነ ከ1882፣ ምልክቱ በየቦታው ከተደጋገመ ከ1904፣ ፊደሉ በእጅ እንደተጻፈ ከተጣመመ ደግሞ ከ1921። በ1938 የወጣውን የኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንጋኒካ 1 ሽልንግ ውሰዱ። አንዱ ጥርሱ 13¼ ነው፣ ሌላው 13 በ11¾፤ ሥዕሉ ያው ነው። ጦርነቱ ያመጣው ጣጣም አለበት፣ በታኅሣሥ 1940 ይህን ቴምብር ያትም የነበረው የለንደኑ የደ ላ ሩ ማተሚያ ቤት በቦምብ ተመቶ ነበርና።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቴምብሩ ፖስታው ላይ እንደተለጠፈ ካገኛችሁት፣ በተለይ የደሴ ማኅተም በደንብ ካረፈበት፣ ዋተርማርክ አያለሁ ብላችሁ ውሃ ውስጥ እንዳትነክሩት። ማኅተሙ ከፖስታው ወደ ቴምብሩ ተሻግሮ ያለ ነው፤ ከላጣችሁት ግማሹ እዚያ፣ ግማሹ እዚህ ይቀራል። የጣሊያኑ ከሆነማ ምን ልታገኙበት? ዘውድ ነው፣ ነገርኳችሁ እኮ። እንዳለ ፕላስቲክ ውስጥ ክተቱት።