በኤም 15 ኮከቦች ውስጥ ዩሮፒየምና ባሪየምን የለካሁበት መንገድ

ኤም 15 የተባለው ሉላዊ የከዋክብት ክምችት በባሕር ዳር ሰማይ ላይ በአናታችን ትክክል ያልፋል፤ የከተማዋ ኬክሮስ 11.6 ዲግሪ ሰሜን፣ የክምችቱ ዲክሊኔሽን (የሰማይ ላይ ኬክሮሱ) ደግሞ 12.2 ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከጣና ዳር በትንሽ ቴሌስኮፕ ጭጋጋማ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ለንጥረ ነገር ልኬት ግን ይህ ምንም አይረዳም። ደማቆቹ ቀይ ግዙፍ ኮከቦች እንኳ በ13ኛ ማግኒቲዩድ (የብርሃን ድምቀት መለኪያ) አካባቢ ደብዛዛ ናቸውና፣ እንደ ኬክና ሱባሩ ካሉ ቴሌስኮፖች ክፍት ማኅደር የወረደ ስፔክትረም (በሞገድ ርዝመት የተዘረዘረ ብርሃን) ተጠቀምኩ።

ንጥረ ነገሮቹን ስፔክትረሙ ላይ በሚተዉት ጥቁር መስመር አማካይነት፣ ዩሮፒየምን በ4129.7 አንግስትሮም (የሞገድ ርዝመት መለኪያ)፣ ባሪየምን በ5853.7 እና በ6496.9 ለካሁ። የዩሮፒየም የ6645.1 መስመር ከጎረቤት መስመሮች የጸዳ ቢሆንም፣ እዚህ ክምችት ውስጥ ብረቱ ከፀሐይ ከ200 እጥፍ በላይ ስለሚያንስ መስመሩ በጣም ደካማ ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ የሞገድ ርዝመቱ ነው። ኤም 15 በሰከንድ 107 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ እኛ ይመጣል፤ ይህ የ4129.7ን መስመር በ1.47 አንግስትሮም ወደ ሰማያዊው ይገፋዋል። ፋይሉ በቫክዩም (አየር አልባ ቦታ) የሞገድ ልኬት ከተቀመጠና የመስመር ዝርዝሩ በአየር ልኬት ከሆነ ደግሞ 1.17 አንግስትሮም ወደ ቀዩ ይሄዳል። ሁለቱ ሊጠፋፉ ምንም አይቀራቸውም! ፍጥነቱ በሰከንድ 22 ኪሎ ሜትር ብቻ ሆኖ ይወጣና እውነተኛው የክምችቱ አባል የፊት ለፊት ኮከብ ተብሎ ይጣላል። የምድር የራሷ ጉዞ ካልተቀነሰ ጭራሽ ዜሮ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የፋይሉን ራስጌ አንብቤ ወደ አየር ልኬት ቀየርኩ፣ ቀጥሎ ፍጥነቱን አረምኩ፣ አባልነቱንም ጋያ የተባለችው ሳተላይት በለካችው የሰማይ ላይ እንቅስቃሴ አጣራሁ።

የሙቀት መጠኑን ከጋያ ቀለም ወሰድኩ፤ ለእነዚህ ግዙፎች ከ4300 እስከ 4800 ኬልቪን ገደማ ነው። የባሪየም መስመሮች የጠገቡ ስለሆኑ በማይክሮተርቡለንስ (በኮከቡ ከባቢ ያለው ጋዝ ጥቃቅን መናወጥ፣ በሰከንድ 2 ኪሎ ሜትር አካባቢ) ላይ ትንሽ ስህተት ሲገባ ውጤቱ ይናጋል፤ ይህን ቁጥር ከብረት መስመሮች ብቻ መወሰን ይሻላል። ዩሮፒየም 151 እና 153 የተባሉ ሁለት አይሶቶፖች (በክብደት የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አተሞች) ስላሉትና አስኳሎቻቸውም ማግኔታዊ ስለሆኑ መስመሩ ወደ ብዙ ቀጫጭን መስመሮች ይሰነጠቃል። አንድ መስመር ነው ብሎ ያሰላ ሰው መጠኑን ያጋንናል። እኔ ሙግ በተባለው የስፔክትረም ማስያ ፕሮግራም ሙሉውን መዋቅር አስገብቼ ስፔክትረሙን ሠራሁ እንጂ የመስመሩን ስፋት ብቻ አልለካሁም።

የንጥረ ነገሮቹን ምንጭ የሚናገረው የባሪየምና የዩሮፒየም ጥምርታ ነው። ፀሐይ ውስጥ ያለው ባሪየም አብዛኛው ኒውትሮንን በዝግታ በሚይዘው ሂደት የተሠራ ነው፤ ዩሮፒየም ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም በፈጣኑ። ፈጣኑ ሂደት ብቻውን ከሠራ የባሪየም-ዩሮፒየም ጥምርታ ከፀሐይ አንድ ስድስተኛ ገደማ ይሆናል። በኤም 15 የሚገኘው ወደዚያ የተጠጋ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ስኔደንና ባልደረቦቹ በ1997 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት፣ ሁለቱ ከኮከብ ኮከብ አብረው ሲጨምሩና ሲቀንሱ ብረት ግን አይነቃነቅም፣ በኮከቦቹ መካከል ካለው የሶዲየም ልዩነትም ጋር አይገናኙም። ኮከቦቹ ራሳቸው ዩሮፒየም አይሠሩም፤ ከተወለዱበት ጋዝ ነው የወረሱት፣ ጋዙም በደንብ አልተቀላቀለም ነበር። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የታየው የኒውትሮን ኮከቦች ውህደት ፈጣኑን ሂደት እንደሚያካሂድ ታውቋል፤ ነገር ግን ውህደቱ ጊዜ ይፈልጋል፣ ክምችት ደግሞ ኮከቦቹን በፍጥነት ይወልዳል። ለዚህ ነው ብርቅ የሆኑ የሱፐርኖቫ (የኮከብ ፍንዳታ) ዓይነቶችም በተፎካካሪነት የቀሩት።