ደረሰኙ ላይ «ዘይትና ፊልትሮ» ብቻ ተጽፎ ነበር

አዲሷን መኪና እንደያዝኩ አንዱ መካኒክ «ሲንቴቲክ ዘይት ካደረግህ ዋስትናህ ይሰረዛል» አለኝ፤ ሲንቴቲክ የሚባለው በኬሚካል ሂደት የተዘጋጀ የሞተር ዘይት ነው። ሌላው ደግሞ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚጣራው ሚኒራል ዘይት ሞተሩን እንደሚጨርሰው ምሎ ተገዘተ። ግራ ሲገባኝ ከመኪናዋ ጋር የተሰጠኝን መመሪያ አውጥቼ አነበብኩ። ከሁሉ በፊት ማድረግ የነበረብኝ ይህንን ነበር።

መመሪያው ሲንቴቲክም ሚኒራልም አይልም። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ 5ደብልዩ-30 የሆነ ውፍረትና ቢያንስ ኤስኤን የተባለውን የኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም) የጥራት ደረጃ። 5ደብልዩ ዘይቱ በብርድ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚፈስ፣ 30 ደግሞ ሞተሩ ሲግል የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 የወጣው ኤስፒ የተባለው አዲስ ደረጃ ኤስኤንን ስለሚተካ እሱም ይሆናል። በሌሎች መኪኖች መመሪያ ላይ ሲንቴቲክ ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ፣ የጎረቤትን መኪና አይቶ መወሰን አይበጅም።

እኔ ሲንቴቲኩን መረጥኩ። ምክንያቴ ቱርቦው፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ክፍል ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ዝውውር ይቆማል፤ በጋለው ቱርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት እዚያው ሊያርርና ሊጠነክር ይችላል፤ ሲንቴቲክ ይህንን ሙቀት የበለጠ ይቋቋማል። ሆኖም ጠርሙሱ ላይ ረጅም ኪሎ ሜትር ስለተጻፈ የመቀየሪያ ጊዜውን አላራዘምኩም። ዋስትና የሚቆጠረው በመመሪያው ነው። መመሪያው ደግሞ አጫጭር ጉዞና አቧራ ለበዛበት አገልግሎት ዘይቱ ቶሎ እንዲቀየር ያዛል።

በሁለተኛው ዓመት ከቱርቦው ዘይት መንጠብ ጀመረ። የዋስትና ሠራተኛዋ ሦስቱን ደረሰኞቼን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ጣቷ ሁለተኛው ላይ ቆመ። «የትኛው ዘይት ነው?» አለችኝ። ደረሰኙ የሚለው «ዘይትና ፊልትሮ» ብቻ ነው። ትክክለኛውን ዘይት መጠቀሜን አውቃለሁ፤ የማሳየው ማስረጃ ግን አልነበረኝም። በጣም ደነገጥኩ።

ወደ ጋራዡ ተመልሼ ለመንኳቸው። ደግነቱ የዕለቱን የሥራ ካርድ አስቀምጠውት ኖሯል፤ የዘይቱ ዓይነት፣ ሊትሩና ኪሎ ሜትሩ ሰፍሮበታል። ማኅተም አድርገው ቅጂውን ሰጡኝ፤ ቱርቦውም በዋስትናው ተቀየረልኝ።

ከዚያ ወዲህ የዘይቱ ስም፣ ውፍረቱ፣ ደረጃው፣ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ደረሰኙ ላይ ሳይጻፉ ከጋራዥ አልወጣም። ባዶውን ጠርሙስም ከኪሎ ሜትር ቆጣሪው አጠገብ ይዤ ፎቶግራፍ አነሳዋለሁ።