የቤት ሠራተኛዬን ሰዓት የቆጠርኩበት ሳምንት

ነሐሴ 2017 ላይ የመንግሥት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደሞዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ሊል መሆኑ በዜና ሲነገር፣ የቤት ሠራተኛችን ሳሎን ጥግ ተቀምጣ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋዋን አስቀመጠችና "እትዬ፣ ዝቅተኛ ማለት ከዚያ በታች መክፈል አይቻልም ማለት ነው?" አለችኝ። እኔ ለሷ የምከፍላት 3,500 ነው። "እሱ ለመንግሥት ሠራተኛ ነው" ብዬ አለፍኩት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

3,500ን ማን ወሰነው? እኔ አይደለሁም፣ እሷም አይደለችም። ደላላው ነው። ቢሮው በር ላይ ቆመን "የዚህ ሰፈር ዋጋ ይሄ ነው" አለ፣ እኔ እሺ አልኩ፣ እሷ መሬት መሬት እያየች ዝም አለች፣ አለቀ። ከመጀመሪያ ወር ደሞዟ ግማሹን የወሰደው ራሱ ደላላው መሆኑን የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። ስለ ሰዓት፣ ስለ እረፍት ቀን አንድም ቃል አልተነሳም።

ሕጉን ማንበብ የጀመርኩት ከዚያች ማታ በኋላ ነው። በአገራችን ለግሉ ዘርፍ በሙሉ የሚሠራ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል፣ ትርፍ ለማይገኝበት የግል አገልግሎት የሚደረገውን ቅጥር ግን ከአዋጁ ውጭ ያደርገዋል። የቤት ሠራተኛ ማለት ነው። ለነሱ የሚቀረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ አንቀጽ 2601 አብራው የምትኖር ሠራተኛ ያለችው አሠሪ በመኖሪያዋ፣ በምግቧ፣ በሥራና በእረፍት ሰዓቷ ጤናዋን የሚጠብቅ ተገቢ እርምጃ እንዲወስድ ያዛል። ቁጥር የለበትም። ቁጥሩ ለአሠሪው ሕሊና ተትቷል፣ የኔ ሕሊና ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ተኝቶ ነበር።

ያደረግኩት ይሄን ነው። የልጄን ያላለቀ ደብተር ወሰድኩና ኩሽና ውስጥ ከነእስክሪብቶው ሰቀልኩት። ሥራ ስትጀምር ሰዓቱን ትጽፋለች፣ ስታርፍ ትጽፋለች፣ ስትጨርስ ትጽፋለች። መጀመሪያ ፈራች፣ ልቆጣጠራት መስሏት። "እኔ የማላውቀውን እንድታሳዪኝ ነው" አልኳት። የሰኞው መስመር "ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ምሳ ዕቃ" ብሎ ይጀምርና "ምሽት 4 ሰዓት፣ ዕቃ ማጠብ" ላይ ያበቃል። ሳምንቱን እሑድን ጨምረን ስንደምር፣ ያረፈችበት ተቀንሶ 91 ሰዓት መጣ። እኔ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ሒሳብ አይከብደኝም፣ ግን ካልኩሌተሩን ሁለቴ ነካሁት። በሰዓት 9 ብር እንኳን አይሞላም። ካፌ ለአንድ ማኪያቶ 50 ብር እከፍላለሁ፤ ያ ከ5 ሰዓት በላይ ሥራዋ ነው። መኝታና ምግቧ ከኛ ነው የሚለውን አውቃለሁ፣ እኔም ስለው የኖርኩት ነው፤ ግን መኝታዋ ኩሽና አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ነች፣ ደግሞ እዚያ የምታድረው ሌሊት ልጅ ሲያለቅስ እንድትነሳልኝም ጭምር ነው።

ከባለቤቴ ጋር ሦስት ቀን ተነጋገርን። ገቢያችን የታወቀ ነው፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ሁሉ ነገር ንሯል። በመጨረሻ አንዱን ዕቁብ ተውኩ፣ የጠዋቱን ቁርስና ልጆች ማልበስ እሱ ያዘ። ከመስከረም ጀምሮ 6,000 ብር፣ በቀን 9 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን፣ እሑድ ሙሉ እረፍት። የእረፍት ቀኗን ከሠራች እጥፍ። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጽፈን ሁለታችንም ፈረምን፣ አንዱ ቅጂ እሷ ጋ ነው። ደሞዟንም "ይጠራቀምልሽ" እያልኩ እኔ ዘንድ ማስቀመጤን ትቼ በየወሩ በቴሌብር እልክላታለሁ። የተጠራቀመውንም በአንድ ጊዜ ሰጠኋት፤ እናቷ ጋ ወሎ ላከችው።

የተሳሳትኩት ወዲያው ነው። ደሞዝ ስጨምር ሳላስበው ሥራም ጨመርኩ። አማቴ መጥተው ሦስት ሳምንት ሰነበቱ፣ ቡና በቀን ሦስቴ፣ እንግዳ በእንግዳ ላይ፣ እኔም "አሁን እኮ ጥሩ ይከፈላታል" እያልኩ ዝም። አንድ ማታ ደብተሩን ይዛ መጣችና "እትዬ፣ የጨመሩልኝ ብር ነው ወይስ ሥራ?" አለችኝ። ሰባት ቀን ቆጥረን ትርፍ ሰዓቱን ከፈልኳት። የወር ደሞዝ ሰዓት ካልተጻፈለት ምንም ማለት እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ኳታር ያለች እህቷም የምትነግራት ይህንኑ ነው። እዚያ ከመጋቢት 2013 ጀምሮ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደሞዝ አለ፣ 1,000 ሪያል፣ የቤት ሠራተኛንም ይጨምራል፣ ምግብና መኝታ ካልተሰጠም ተጨማሪ ይከፈላል። እህቷ 1,000ዋ በወሩ ትገባላታለች። የእረፍት ቀን ግን ካገኘች ወራት አልፈዋል።

ጎረቤቶቼ ተቀየሙኝ። "አንቺ ጨምረሽ የኔዋን አስነሳሽብኝ" ያለችኝ አለች። ሌላዋ ግን ሁሌም ከልቤ አትወጣም። የሷም ሠራተኛ ጭማሪ ስትጠይቅ፣ ብቻዋን ሦስት ልጅ የምታሳድግ ሴት ናትና አቅሟ አልቻለም፣ አሰናበተቻትና በሳምንት ሦስት ቀን የምትመጣ ተመላላሽ ያዘች። የተሰናበተችው ልጅ ሥራዋን ብቻ ሳይሆን ማደሪያዋንም በአንድ ቀን አጣች። ስለዚህ ሕግ ሲወጣ ቁጥር ብቻ ይዞ እንዳይመጣ እፈልጋለሁ። በሰዓት የተሰላ ይሁን፣ ሙሉ ቀን መቅጠር የማይችል ሰው ግማሽ ቀን በትክክለኛ ዋጋ ይቅጠር፣ የምትሰናበት ልጅም ማደሪያ የምትፈልግበት ጊዜ ይሰጣት፣ ወረዳ ላይም ውሉ የሚመዘገብበት አንድ መስኮት ይኑር። ወለል ይኑር ስል ግን ማመንታት የለብኝም። ወለል በሌለበት ዋጋውን የሚቆርጠው የልጅቷ ችግር ነው፤ የባሰ የተቸገረች ባነሰ ትገባለች።

የኛዋ አሁን የማታ ትምህርት ስድስተኛ ክፍል ናት። ደብተሩ እዚያው ተሰቅሏል፣ ሁለተኛው ነው። ባለፈው ሳምንት ልጄ አተኩሶት እኔ ይዤው ሐኪም ቤት ስሮጥ ታናሽ እህቱን የያዘችልኝ እሷ ነበረች። ማታ ስመለስ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ "እሑድ። ከ3 እስከ 5 ሰዓት ልጅ ያዝኩ።" በሰዓት 26፣ እጥፉ 52፣ ለሁለት ሰዓት 104 ብር። ቴሌብር ላይ ላክሁላት፣ ከክፍሏ የስልኳ ድምፅ ተሰማኝ።